የባት ማሳሳብ ምንን ይለውጣል? ጡንቻን፣ ጅማትን ወይስ የመታገሥ አቅምን?

በስፖርት ሜዳዎቻችንም ሆነ በፊዚዮቴራፒ ክፍሎቻችን ከሚታዘዙት እንቅስቃሴዎች መካከል የባት ማሳሳብን ያህል የተለመደ አለ ለማለት ያዳግታል። አሠራሩ ግድግዳን በሁለት እጅ ገፍቶ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ተረከዝን ከመሬት ሳያነሡ ባት ተወጥሮ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በእንጦጦ ወይም በሱሉልታ ልምምዱን የጨረሰ ሯጭ ይሠራዋል። ተረከዙን የሚያመው መምህር ወደ ሕክምና ሲሄድ ይታዘዝለታል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትና በእግር ጣቶቹ ብቻ የሚራመድ ልጅ ያላት እናትም የልጇን እግር ይዛ ማታ ማታ እንድትሠራለት ትመከራለች። ለሦስቱም የሚሰጠው ማብራሪያ ተመሳሳይ ነው፤ የባት ጡንቻና ጅማት ስላጠረ ይለጠጥ፣ ተጣጣፊነቱም ይጨምር ይባላል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ ማብራሪያ ነው። ተጣጣፊነት የምንለው ነገር በውስጡ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን ይዟል፤ እነርሱም የጡንቻው ግትርነት፣ የጅማቱ ግትርነትና ሰውየው መወጠርን የመታገሥ አቅሙ ናቸው። ግትርነት ስል አንድ አካል ለመለጠጥ የሚያሳየውን ተቃውሞ ማለቴ ነው። የማሳሳብ ዘዴዎች ሦስቱን በእኩል አይነኩም። በመሆኑም የትኛው ዘዴ ይሻላል ብሎ ከመጠየቅ አስቀድሞ ከሦስቱ የትኛው እንዲለወጥ እንደሚፈለግ መታወቅ አለበት የሚል አቋም አለኝ። ይህ ሳይታወቅ የሚታዘዝ ማሳሳብ አንዳንዱን ሰው ጊዜውን፣ ሌላውን ደግሞ ጤናውን ያስከፍለዋል።

የባት አሠራር

ባት በዋናነት በሁለት ጡንቻዎች የተገነባ ነው። ጋስትሮክኒሚየስ የሚባለው የላይኛው ጡንቻ ሁለት ራሶች ያሉት ሲሆን፣ ከጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ተነሥቶ ጉልበትንም ቁርጭምጭሚትንም ያልፋል። ከሥሩ የሚገኘው ሶሊየስ ግን የሚነሣው ከጉልበት በታች ካሉት አጥንቶች በመሆኑ የሚያልፈው ቁርጭምጭሚትን ብቻ ነው። ሁለቱ ከታች ተጣምረው፣ አኪለስ በሚባለው ጅማት አማካይነት ከተረከዝ አጥንት ጋር ይያያዛሉ። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ውጤት ግልጽ ነው። ጉልበት ቀጥ ባለበት ሁኔታ ሲሳሳብ ጋስትሮክኒሚየስ ይወጠራል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ እርሱ ስለሚላላ ውጥረቱ በይበልጥ ወደ ሶሊየስ ይዞራል። ሁለቱን አቋሞች ሳይለይ ባትህን አሳስብ ብቻ የሚል ትእዛዝ ከመነሻው ጎዶሎ ነው።

ጡንቻና ጅማት ተከታትለው የተያያዙ በመሆናቸው በማሳሳብ ጊዜ የሚመጣውን ኃይል አብረው ይሸከማሉ፤ የሚረዝሙበት መጠን ግን እንደየግትርነታቸው ይለያያል። በመሆኑም የቁርጭምጭሚትን ማዕዘን ብቻ በማየት ከሁለቱ የትኛው ምን ያህል እንደረዘመ መናገር አይቻልም። በተፈጥሯቸውም እጅግ የተለያዩ ናቸው። ጡንቻ የሚኮማተርና በደም ሥሮች የበለጸገ ሕብረ ሕዋስ ሲሆን፣ ጅማት በአብዛኛው የኮላጅን ክሮች ጥቅል ነው። ፊንላንዳዊው ተመራማሪ ፓቮ ኮሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራ በሩጫ ጊዜ በአኪለስ ጅማት ላይ የሚያርፈው ኃይል እስከ 9 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የሯጩን የሰውነት ክብደት 12.5 ጊዜ ያህል እንደሚደርስ አሳይተዋል። በዴንማርክ ሄይነማየርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት ደግሞ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኑክሌር ሙከራዎች ምክንያት በከባቢ አየር የበዛውን ካርቦን 14 እንደ ጊዜ መለኪያ በመጠቀም፣ የአኪለስ ጅማት እምብርት የሰው ቁመት ማደግ ካቆመ በኋላ እምብዛም እንደማይታደስ አመልክቷል። እንዲህ ያለ አካል በጥቂት ሳምንታት የግድግዳ መግፋት ይረዝማል ብሎ መጠበቅ ጠንካራ ማስረጃ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሥርዓተ ነርቭን ይመለከታል። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ሲያጥፍ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ የውጥረት ወይም የሕመም ስሜቱ በቃኝ የሚያሰኘው ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ስሜቱን ሲለማመድ ይበልጥ ለመታጠፍ ይፈቅዳል። ዌፕለርና ማግኑሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረቡት የታወቀ ትንተና፣ ከማሳሳብ በኋላ የሚታየው የእንቅስቃሴ ስፋት መጨመር በብዙ ጥናቶች ከሕብረ ሕዋስ መርዘም ይልቅ በዚህ የስሜት ለውጥ እንደሚብራራ ተከራክረዋል።

ዘዴዎቹ ሲነጻጸሩ

በተግባር ላይ በስፋት የሚውሉት የማሳሳብ ዘዴዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስታቲክ የሚባለው፣ ባት ተወጥሮ ባለበት የሚቆይበት ዘዴ ነው። ሁለተኛው ባሊስቲክ የሚባለው ሲሆን፣ በውጥረቱ ጫፍ ላይ እየነጠሩ የሚሠራ ነው። ሦስተኛው ጡንቻውን በመጀመሪያ አኮማትሮ ቀጥሎ በማላላት የሚሠራውና ፒ.ኤን.ኤፍ. በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ነው።

በቤልጂየም ማሂዩና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 81 ጤነኛ ሰዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው ለ6 ሳምንታት ተከታትለዋል። አንዱ ቡድን ስታቲክ፣ ሌላው ባሊስቲክ ማሳሳብ ሲሠራ ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ነበር። የቁርጭምጭሚት የእንቅስቃሴ ስፋት የጨመረው በሦስቱም ቡድኖች ነው። ልዩነቱ የታየው ከማዕዘኑ ጀርባ በተለካው ነገር ነው፤ ስታቲክ የሠራው ቡድን የባቱ የመለጠጥ ተቃውሞ ሲቀንስ፣ ባሊስቲክ የሠራው ቡድን የአኪለስ ጅማቱ ግትርነት ቀንሷል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ተመራማሪዎቹ ማዕዘንን ብቻ ለክተው ቢሆን ኖሮ ምንም እንቅስቃሴ ያልታዘዘለት ማነጻጸሪያ ቡድን ጭምር ተጣጣፊነቱን አሻሻለ ይባል ነበር፤ ሁለቱ ዘዴዎችም አንድ ዓይነት መስለው ይታዩ ነበር። ይኸው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ፒ.ኤን.ኤፍ. ባሳተመው ጥናት ደግሞ ከ6 ሳምንታት በኋላ የእንቅስቃሴ ስፋቱ ሲጨምር የባቱ ተቃውሞም የጅማቱ ግትርነትም እንዳልተለወጡ ተመልክቷል።

በኦስትሪያ ግራትስ ኮንራድና ቲልፕ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ባወጧቸው ጥናቶች ሦስቱንም ዘዴዎች በየተራ ለ6 ሳምንታት ፈትሸዋል። በሦስቱም የእንቅስቃሴ ስፋት ጨመረ፤ በስታቲክና በባሊስቲክ በጡንቻውና በጅማቱ አወቃቀር ላይ ይህን የሚያብራራ ለውጥ አልተገኘም፤ በፒ.ኤን.ኤፍ. ግን የጅማቱ ግትርነት ቀንሷል። ፍሬታስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት የ26 ጥናቶች ግምገማም ከ3 እስከ 8 ሳምንታት የሚዘልቅ ማሳሳብ የጡንቻንም ሆነ የጅማትን ባሕርይ ይለውጣል ለማለት የሚያበቃ ውጤት አላገኙም። በጉልህ የታየው ውጥረትን የመታገሥ አቅም መጨመሩ ነው።

ይህ ማለት ማሳሳብ ሕብረ ሕዋስን ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። ወዲያውኑ የሚታየውን ውጤት ያጠኑት ሞርስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባትን ለአንድ አንድ ደቂቃ አምስት ጊዜ ማሳሳብ የጡንቻና ጅማቱን የጋራ ግትርነት በእጅጉ እንደቀነሰና ለውጡም ከጅማቱ ይልቅ ከጡንቻው እንደመጣ አሳይተዋል። ጃፓናዊው ኩቦና ባልደረቦቹ በአንጻሩ ባትን ለ10 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ ማሳሳብ የጅማቱን ግትርነት ለጊዜው ዝቅ እንዳደረገ እ.ኤ.አ. በ2001 ዘግበዋል። በቀጣዩ ዓመት ለ3 ሳምንታት የዘለቀ ልምምድ ሲፈትሹ ግን የጅማቱ ግትርነት አልተለወጠም፤ የቀነሰው ጅማቱ ተለጥጦ ሲመለስ የሚያባክነው ኃይል ነው። መጠኑ ሲበዛም ውጤቱ ይለያል። ቫርኔከና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ሥራ በመሣሪያ ታግዘው በየቀኑ ለአንድ ሰዓት፣ ለ6 ሳምንታት ባታቸውን ያሳሳቡ ሰዎች የጡንቻ ውፍረትና ጉልበት ጨምረዋል። ስለዚህ የመጠን፣ የቆይታና የዘዴ ልዩነት እያንዳንዱ የራሱ ውጤት አለው። ልምምዱን ጨርሶ ለግማሽ ደቂቃ ግድግዳ የሚገፋ ሯጭ ከእነዚህ ከየትኛውም ጋር አይመሳሰልም።

ልዩነቱ ለማን ይጠቅማል

አንድ የሥራ ባልደረባ እንዲህ ብሎ ሊሞግት ይችላል፦ ማዕዘኑ እስከሰፋ ድረስ ከጡንቻም ይምጣ ከነርቭ ታካሚው ተጠቅሟል፤ ታዲያ መለያየቱ ለምን ያስፈልጋል? ሙግቱ በከፊል ትክክል ነው። በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ወይም ለጸሎት መስገድ የቸገረው ጤነኛ ሰው ውጥረቱን መታገሥ ችሎ ዝቅ ካለ የፈለገውን አግኝቷል። ለእርሱ ቀላሉና የማያሳምመው ዘዴ ይበቃዋል። ከዚህ ውጭ ባሉ ቢያንስ ሦስት ሁኔታዎች ግን ልዩነቱ የሚያስከትለው ውጤት ከባድ ነው።

የመጀመሪያው የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። ለሯጭ የአኪለስ ጅማት እንደ ስፕሪንግ ነው፤ እግር መሬት ሲረግጥ ተለጥጦ ኃይል ያከማቻል፣ ሲመለስም ያንን ኃይል ይሰጣል። ክሬብና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ቁርጭምጭሚታቸው ብዙም የማይታጠፍ ሯጮች በተወሰነ ፍጥነት ሲሮጡ የሚጠቀሙት ኦክስጅን አነስ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ዝምድና እንጂ መንስኤና ውጤት አይደለም፤ ሆኖም ለሯጭ ተጣጣፊነት በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚለውን የተለመደ አባባል ያጠራጥራል። የጉዳት መከላከልም ቢሆን እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። ፖፕና ባልደረቦቹ በ1093 የአውስትራሊያ ምልምል ወታደሮች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ከልምምድ በፊት ባትን ማሳሳብ ጉዳትን በጉልህ አልቀነሰም፤ ቀድሞውኑ ቁርጭምጭሚታቸው የማይታጠፍ ምልምሎች ግን ለጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ነበሩ። ሁለቱ ግኝቶች የሚጋጩ የሚመስሉት ማዕዘንንና ማሳሳብ የሚለውጠውን ነገር አንድ አድርገን ስናይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአኪለስ ጅማት ሕመም ያለበት ሰው ነው። በእኔ እምነት ከፍተኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚጣበቅበት ሥፍራ ከሆነ፣ ቁርጭምጭሚትን አብዝቶ ማጠፍ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር ያጫጭነዋል። ኩክና ፐርዳም እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስገነዘቡት ይህ ጫና ራሱ የሕመሙ አንድ ምክንያት ነው። ስለዚህ በግድግዳ ላይ የሚደረገው ጥልቅ ማሳሳብ መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው ሰው ሕመሙን ሲያባብስ ይከርማል። ሕመሙ ሳይሻለው ሲቀር ደግሞ በቂ አላሳሳብክም ይባልና ይጨመርለታል። የታመመ ጅማት የሚሻው ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ጫና ነው። ስዊድናዊው አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት መርሐ ግብር በጅማቱ መካከለኛ ክፍል ሕመም ያለባቸው 15 ሰዎች ተረከዛቸውን ከፍ ካለ ሥፍራ ቀስ ብለው ወደ ታች እንዲያወርዱ፣ ይህንንም ጉልበት ቀጥ ብሎና ታጥፎ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንታት እንዲሠሩ ያደረገ ነው። ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። ቤየርና ሌሎች እ.ኤ.አ. በ2015 በዴንማርክ ባሳተሙት ንጽጽር ከባድ ክብደትን በዝግታ ማንሳትም ተመጣጣኝ ውጤት አስገኝቷል። አራምፓጺስና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2007 ለ14 ሳምንታት በከፍተኛ ጫና የሠራ ጅማት ግትርነቱ ሲጨምር፣ በዝቅተኛ ጫና የሠራው ግን እንዳልተለወጠ አሳይተዋል። እንግዲህ ጅማትን ለማጠንከር የሚታዘዘውና ጡንቻን ለማላላት የሚታዘዘው ሊምታቱ የማይገባቸው ሁለት የተለያዩ ሕክምናዎች ናቸው።

ሦስተኛው ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ነው። ሃርቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 በኮክሬን ያሳተሙት ግምገማ 49 ጥናቶችን መርምሮ፣ የነርቭ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሰባት ወር ላነሰ ጊዜ የሚሠራ ማሳሳብ በመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ላይ ይህ ነው የሚባል ክሊኒካዊ ፋይዳ እንደሌለው ደምድሟል። ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ ግምገማው መልስ አይሰጥም። ይህ ግኝት እናትየዋ የልጇን እግር መንካት ታቁም የሚል ትርጉም የለውም፤ ልጁን ማቆም፣ አቀማመጡን ማስተካከልና ማጫወት የየራሳቸው ዓላማ አላቸው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከገበያ ወይም ከሥራ ደክማ የተመለሰች እናት ልጇ እያለቀሰ በየማታው የምታሳልፈው ግማሽ ሰዓት ምን እንዲያስገኝ እንደታሰበ በግልጽ ሊነገራት ይገባል። ለውጥ ሳይታይ ሲቀርም ጥፋቱ የእርሷ ስንፍና ተደርጎ እንዳይቆጠርባት ያ ግልጽነት ይጠብቃታል።

ለድኅረ ምረቃ ምርምራችን

በስፖርት ሳይንስና በፊዚዮቴራፒ የድኅረ ምረቃ ሥራዎች ውስጥ ማሳሳብ ተወዳጅ ርእስ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተሳታፊ በቀላሉ ይገኛል፣ ለመለካትም ጎኒዮሜትር ይበቃል። ሆኖም ከመነሻና ከመድረሻ ማዕዘን ልዩነት ብቻ ተነሥቶ የጅማቱ ተጣጣፊነት ተሻሻለ ብሎ መደምደም ከተለካው ነገር በላይ መናገር ነው። በእኔ አስተያየት አማካሪዎችና ፈታኞች እንዲህ ያለውን መደምደሚያ መቀበል ማቆም አለባቸው።

የመሣሪያ እጥረት ተገቢ ምክንያት ቢሆንም ሙሉ ምክንያት አይደለም። ኮምፒዩተራዊ ዳይናሞሜትር የሌለው ክፍል ቀላል አማራጭ አለው። ተሳታፊው ጉልበቱን ዘርግቶና ሰውነቱን አላልቶ ሳለ፣ የእግር መዳፉን በሚደግፍ ሰሌዳ ላይ በስፕሪንግ ሚዛን የታወቀ ኃይል ተስቦ ማዕዘኑ ይመዘገባል። ልኬቱ ከልምምዱ በፊትና በኋላ በዚያው ኃይል ይደገማል። በእኩል ኃይል የተገኘው ማዕዘን ከሰፋ የሕብረ ሕዋሱ ተቃውሞ ቀንሷል ማለት ይቻላል። በእኩል ኃይል ማዕዘኑ ሳይለወጥ የመጨረሻው ማዕዘን ብቻ ከሰፋ ደግሞ የተለወጠው የመታገሥ አቅም ነው። ጡንቻንና ጅማትን እርስ በርስ ለመለየት አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ጡንቻው ከጅማቱ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ላይ ተይዞ፣ ቁርጭምጭሚቱ ሲታጠፍ መገናኛው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይለካል። ይህን ለማድረግ ለእርግዝና ክትትልና ለሆድ ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚያገለግለው ዓይነት መሣሪያ፣ ለቆዳ ቅርብ የሆኑ ሕብረ ሕዋሳትን ለማየት የሚሆን መዳሰሻ ካለው፣ መነሻ ሊሆን ይችላል። የጎደለው በአብዛኛው በስፖርት ሳይንስ ክፍሎችና በሕክምና ትምህርት ቤቶች መካከል ያለው ትብብር ይመስለኛል።

ከዚህ ጋር ሁለት ትናንሽ ልማዶች ቢጨመሩ ጠቃሚ ነው። አንደኛው ማነጻጸሪያ ቡድንን አለመዝለል ነው፤ በማሂዩ ጥናት ምንም ያልሠራው ቡድን እንኳ ማዕዘኑ መስፋቱ መለካት ራሱ ልምምድ መሆኑን ያስታውሰናል። ሁለተኛው የጉልበትን አቋም፣ የአንዱን ማሳሳብ ቆይታ፣ የድግግሞሹን ብዛትና ጠቅላላ ሳምንታዊ ደቂቃዎችን በዝርዝር መጻፍ ነው። እነዚህ ካልተጻፉ አንዱ ሥራ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም፤ የተለያዩ ተማሪዎች የሠሯቸው ጥናቶችም ተደማምረው አንድ ዕውቀት መሆን ሳይችሉ ይቀራሉ።

ማጠቃለያ

ባትን ማሳሳብ ርካሽ፣ ቀላልና በሁሉም እጅ ያለ መሣሪያ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ይጣል አይልም። የሚለው፣ ትእዛዙ ከምክንያቱ ጋር አብሮ ይሰጥ ነው። አሰልጣኙ ሯጩን አሳስብ ሲል የትኛውን ጡንቻ፣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ዓላማ እንደሆነ ይናገር። ሐኪሙና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የጅማት ሕመም ላለበት ሰው ማሳሳብን ከማዘዛቸው በፊት ሕመሙ በጅማቱ የትኛው ክፍል እንዳለ ይለዩ፤ ጫናን ደረጃ በደረጃ የሚጨምር እንቅስቃሴንም ያስቀድሙ። ተመራማሪው የለካውን ብቻ በስሙ ይጥራ፤ ማዕዘን ከሆነ ማዕዘን፣ ግትርነት ከሆነ ግትርነት፣ ትዕግሥት ከሆነ ትዕግሥት ይበል። ይህን ማድረግ ስንጀምር ሯጩ የማያስፈልገውን ይተዋል፣ የጅማት ሕመምተኛው ከሚያባብስበት ይድናል፣ እናትየዋም የምትደክምበትን ምክንያት አውቃ ትደክማለች።